መራጭ ጆሮ የሚሰጥበት ሳምንት

ማክሰኞ 2

የሠፈራችን ጤና ጣቢያ ከምርጫው በኋላ የሌሊት አገልግሎቱን ያቆማል።

የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ እዚያ አዋላጅ ነርስ ናት። ኃላፊያቸው ትናንት ሦስቱን አዋላጆች ቢሮዋ ጠርታ፣ በሩን ዘግታ ነገረቻቸው። የሌሊት ተረኞች በጀት ከንቲባው ቢሮ ሲደርስ ተሰርዟል። ከእንግዲህ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ያውም መኪና ካገኘች። "እስከ ምርጫው ድረስ ይህች ነገር ከዚህች ክፍል እንዳትወጣ" ተብለዋል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልብስ እያጣጠፈች ነው። የመጨረሻውን ሸሚዝ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"ለጋዜጣ ብዬ አይደለም የነገርኩህ።"

"አውቃለሁ።"

"የምናውቀው ሦስት ነን። ከሦስታችን ጋዜጠኛ ያገባሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።"

ለማንኛውም ገና ነው። ምርጫው ሩቅ ነው፤ ባሁኑ ሰዓት ማንም ጆሮ አይሰጥም።

ሐሙስ 4

አለቃዬ ዛሬ፣ "የማክሰኞ ዙርህን ጀምር" አለኝ። በየምርጫው የምሠራው ዓምድ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ እነዚያኑ ሰዎች በየሥራ ቦታቸው እየሄድኩ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ በዚህ ሳምንት ስለ ምርጫው ምን ሰማችሁ? ማንን ትመርጣላችሁ አልልም። እንደዚያ የተጠየቀ ሰው ጠያቂውን ደስ የሚያሰኘውን ይመልሳል። ምን ሰማህ የተባለ ግን የሰማውን ይናገራል። ምንም አልሰማሁም ካለም እሱ ራሱ ዜና ነው። ገጹ ረቡዕ ይዘጋል፣ ጋዜጣው ሐሙስ ይወጣል።

አንድ ሕግ አለኝ፤ እጠይቃለሁ እንጂ አልናገርም። የማውቀውን ለአንዳቸው ሹክ ካልኩ በሚቀጥለው ሳምንት የምሰማው የራሴኑ ድምፅ ነው።

ከቢሮው ስወጣ አለቃዬ፣ "ባለፈው ጊዜ ሰው ጋዜጣውን ከሁለተኛው ገጽ ነበር የሚጀምረው" አለኝ። እውነቱን ነው።

ማክሰኞ 9

የመጀመሪያው ዙር።

ጎሚስታው ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልግ ነበር። ቀና ሳይል፣ "የምን ምርጫ?" አለኝ። "ኧረ ጋሼ ጋዜጣው፣ የባለፈውን ምርጫ ወረቀት እንኳ ከግድግዳዬ ላይ ፍቄ አልጨረስኩም።"

ጡረተኛው መምህር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሁለቱንም ዕጩዎች ንግግር ከነሳላቸው ነገሩኝ። እሳቸው ግን ማንን እንደሚመርጡ ከወሰኑ ቆይተዋል። ይህን በየጊዜው አየዋለሁ። አስቀድሞ የሚሰማው የወሰነው ሰው ነው። ያልወሰነው ገና አይሰማም።

ፀጉር ሠሪዋ ሆዷ ስለገፋ ከደንበኛዋ ወንበር ራቅ ብላ፣ እጇን ዘርግታ ነው የምትሠራው። "ምን እሰማለሁ ብለህ ነው ጋሼ? ይሄ ካስክ ሲጮህ ነው የሚውለው" አለችኝ። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ክትትሏ ባለቤቴ ዘንድ ነው፤ የመውለጃዋ ቀን ከምርጫው በኋላ ነው።

ቢሮ ገብቼ ጻፍኩት። ርዕሱ፣ "የምን ምርጫ?" አለቃዬ አንብቦ ሳቀ።

እንዳልኩት ነው። ገና ነው።

እሑድ 14

አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ራዲዮኑ ከአጠገባቸው አይለይም፤ ግን ምርጫውን የሰሙት ከራዲዮ አይደለም። ዛሬ ምሳ ላይ፣ "ከንቲባው ከመኪናው ወርዶ 'እናቴ' ብሎ ጨበጠኝ" አሉ።

"እማዬ፣ ሁሉንም ነው 'እናቴ' የሚለው" አለች ባለቤቴ።

"ይበል። ያቺኛዋ ከመኪናዋም አልወረደችልኝ።"

"ያቺኛዋ መኪና የላትም።"

የከንቲባው ተፎካካሪ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት፤ በእግሯ ነው የምትዞረው። አማቴ ትንሽ አሰቡና፣ "ታዲያ መኪና የሌላት እንዴት ከተማ ታስተዳድራለች?" አሉ። ሳቅን። ባለቤቴ ግን ከሁላችንም ቀድማ ሳቋን አቆመች።

ማክሰኞ 16

ጤና ጣቢያው እየተቀባ ነው። ውሃ ሰማያዊ። ከበሩ በላይ ትልቅ መብራት እየሰቀሉ ነው። ቆሜ ሳይ ቀቢው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ "ዞር ይበሉ ጋሼ፣ ቀለም እንዳይነካዎት" አለኝ።

ዙሩ ላይ አዲስ ነገር የለም። ጎሚስታው አልሰማም። ፀጉር ሠሪዋ አልሰማችም።

ረቡዕ 17

ገጹ እስኪዘጋ ቢሮ ዋልኩ። ስለ ቀለሙ ሦስት መስመር ዜና አወጣን። "በከንቲባው ቢሮ ወጪ" የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እውነት ነውና።

ማክሰኞ 23

የሩጫ ቀን ነበር። መምህሩን ብቻ አገኘሁ። ሌሎቹን በስልክ። በስልክ ሲሆን ሰው ያሳጥራል።

ሐሙስ 25

ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "ይህ ነገር የሚጻፍ ከሆነ መቼ ነው የሚጻፈው?" አለችኝ።

"ለጋዜጣ አይደለም አላልሽም?"

"ብያለሁ። አሁን የምጠይቅህ መቼ እንደሚሻል ነው። ሥራህ አይደል?"

አስረዳኋት። ይህን ዓምድ ስሠራ ያየሁት ነገር ነው። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በፊት የሚወጣ ወሬ መሬት ላይ ይፈስሳል። ሰው ስለ ምርጫ ማሰብ የሚጀምረው የመራጭነት ካርዱ እጁ ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት የምርጫ ወሬ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። አሁን ብናወጣው ከንቲባው ያስተባብላል፣ አንባቢው ይረሳል፣ እሷም ለከንቱ ትጎዳለች።

በጥሞና ሰማችኝ። "እሺ፣ አንተ ታውቃለህ" አለች።

በደንብ እንዳስረዳኋት ይሰማኛል። ሆኖም "አንተ ታውቃለህ" ያለችበት አነጋገር ደጋግሞ ይመጣብኛል።

ማክሰኞ 30

የሁለቱም ወገን የድምፅ ማጉያ መኪኖች ጎሚስታው ደጅ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ሁለቱም ጎማቸው ተበስቶ። "ተቃቅፈው አይሄዱም እንጂ የሚወጋቸው አንድ ሚስማር ነው" አለ ጎሚስታው። ምን እንደሰማ ስጠይቀው፣ "የመድኃኒት ቤቷ የኪራይ መኪና ሾፌር ቆሞ ጠበቀ። የከንቲባው ሾፌር 'ቶሎ በል፣ ማን መሆናችንን አታውቅም?' አለኝ። ይሄው ነው የሰማሁት" አለኝ።

ጻፍኩት። ሰው ወደደው። አንዲት አንባቢ ቢሮ ድረስ ደውላ፣ "የእናንተ ጋዜጣ ጎሚስታው ነው" አለች። አለቃዬ ለሁሉም ነገራቸው።

ማክሰኞ 7

ጀመረ። ያልኩት ሳምንት ነው።

ካርድ መታደል በጀመረ በሁለተኛው ቀን ሠፈሩ ድምፁ ተለወጠ። አውቶቡስ ላይ ሁለት ሴቶች ሲከራከሩ መውረጃዬን አለፍኩ። ጎሚስታው ጥያቄዬን ሳልጨርስ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ "እውነት የገበያውን መንገድ ሊሠሩት ነው?" እንደማላውቅ ነገርኩት። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ቀላል ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ካርዷን መስተዋቱ ጠርዝ ላይ ሰክታዋለች። ዛሬ ካስኩን አጥፍታ ነው ያናገረችኝ።

"እኔ ስለ ምርጫ አላውቅም ጋሼ። የማውቀው ጤና ጣቢያውን ነው። ድሮ ግድግዳው ሲያዩት ያስፈራ ነበር። አሁን ሌሊት መብራቱ ከቤቴ በር ይታየኛል። ምጥ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ብቻ መብራቱን አያለሁ፣ ልቤ ያርፋል። ሌሎቹ ያወራሉ፤ እሱ ቀባ።"

ደንበኛዋ በመስተዋቱ ውስጥ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

እኔ ጻፍኩ። ሕጉን አልጣስኩም። ስወጣ፣ "ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ" አለችኝ።

ረቡዕ 8

ሌላ ርዕስ ሞከርኩ። ከእሷ አባባል የሚሻል አልነበረም። "ሌሎቹ ያወራሉ፤ እሱ ቀባ" ብዬ አስገባሁት። ቃሉ የእሷ ነው፤ እኔ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

ሐሙስ 9

ጋዜጣው እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ።

ባለቤቴ ሁለተኛውን ገጽ አንብባ አጠፈችው። ተረኛ ስለሆነች በጊዜ ወጣች።

ቅዳሜ 11

ጠዋት የከንቲባው መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በመስኮታችን ሥር አለፈ።

"ሌሎቹ ያወራሉ! እሱ ቀባ!"

መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩም። መኪናው ዞሮ ተመለሰ። አማቴ መስኮቱን ከፍተው፣ "ደስ ይላል እኮ አባባሉ! ማን አወጣላቸው?" አሉ።

ባለቤቴ ከሌሊት ተረኝነት ገብታ ተኝታ ነበር። እንደነቃች ያወቅሁት ከመኝታ ቤት፣ "ባሌ ነው እማዬ" ስትል ነው።

ቃሉ የፀጉር ሠሪዋ ነው። ይህን ሄጄ ልነግራት ነበር፤ በሩ ድረስ ሄጄ ተውኩት።

እሑድ 12

ቀኑን ሙሉ መኪናው ሲዞር ዋለ። ልጆች እየተከተሉት ይጮኻሉ። ጠያቂ አይናገርም ብዬ ስንት ዘመን ኮራሁበት። አሁን ከተማው ሁሉ በእኔ ርዕስ እየጮኸ ነው።

ሰው በምን ይለወጣል ብሎ ለሚጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። በንግግር አይለወጥም፣ በፖሊሲ ክርክር አይለወጥም። በደጁ በሚያየው ነገርና እንደሱ ያለ ሰው በሚናገረው ይለወጣል እል ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሁለቱንም አሟላች። ያየችውን ተናገረች፤ ያላየችውን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ፊቷ ቆሞ ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

ይህን ለዓምዱ አልጽፈውም።

ማክሰኞ 14

ጎሚስታው ገና ከሩቅ፣ "ጋሼ ጋዜጣው! ለከንቲባው መፈክር መጻፍ ጀመርክ አሉ! ለእኔም ለጎማዬ አንድ ጻፍልኝ እንጂ!" አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

"ምን ሰማህ?"

"አንተን ነዋ የሰማሁት!"

መምህሩም ይህንኑ ነው ያሉት፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። "ጋዜጠኛ ሲጠቀስ እንጂ ሲዘመር አላየሁም ነበር" አሉኝ።

ፀጉር ሠሪዋ ኮርታለች። ሴቶች ከሌላ ሠፈር ሳይቀር፣ 'እሱ ቀባ' ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ እያሉ እየመጡ ነው። ያልወሰኑ ደንበኞቿ ምን እንዳሉ ጠየቅኋት። "አሁን ወስነዋል" አለችኝ።

በየሳምንቱ እየሄድኩ ምን ሰማችሁ ስላቸው ሳይሰሙ መቅረት ያሳፍራቸው ጀመር መሰለኝ። ጆሮ እንዲሰጡ ያደረግኋቸው በከፊል እኔ ነኝ። በሰጡኝ ጆሮ ውስጥ የጨመርኩት ደግሞ ቀለም ነው።

ሐሙስ 16

ማታ ራት ካነሳን በኋላ ተጣላን ማለት ይቻላል። ድምፃችንን ግን ከፍ አላደረግንም፤ አማቴ ሳሎን ናቸው።

"አሁንስ?" አለችኝ።

አሁን አስቸጋሪ እንደሆነ ነገርኳት። አንድ እትም ብቻ ቀርቷል። በመጨረሻው እትም አዲስ ነገር ማውጣት ዘመቻ ያስመስላል። ሰው፣ እስካሁን የት ነበሩ ይላል። በዚያ ላይ በዚህ ሳምንት አብዛኛው ወስኗል፤ የወሰነ ሰው ከዚህ ወዲያ ቢሰማም ለውሳኔው ማገር የሚሆነውን ብቻ ነው የሚሰማው።

"መጀመሪያ ገና ነው አልከኝ" አለች። "አሁን ደግሞ መሽቷል ትለኛለህ። መካከሉ መቼ ነበር? እኔ ተረኛ ሆኜ አመለጠኝ?"

"አንቺ ራስሽ ለጋዜጣ አይደለም ብለሽኛል።"

"ብያለሁ። ከዚያ ደግሞ መቼ ይጻፍ ብዬ ጠይቄሃለሁ። የያዝከው የመጀመሪያውን ብቻ ነው?"

የመለስኩላት ነገር ነበር፤ አሁን ምን እንደነበር አላስታውስም። ረጅም ነበር።

እሑድ 19

ባለቤቴ ከሌሊት ተረኝነት ስትገባ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ፀጉር ሠሪዋ ሌሊት መጥታ ነበር። ባሏ ደግፎ፣ ላብ በላብ ሆና። ምጡ የውሸት ሆነ፤ ቆየት ብሎ ተዋት። ቢሆንም የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለነበር እስኪነጋ አጠገቧ አልተለየችም።

"ሲሻላት ቁጭ ብላ ሳቀች" አለችኝ። "'እንኳን ቅርብ ሆናችሁ። ማዶ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ላይ ነበር የምቀረው' አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? 'አይዞሽ፣ እዚሁ ነን' አልኳት። በሚመጣው ወር ማን ነው እዚሁ ያለው? ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።"

ቡና ቀዳሁላት።

"ጻፈው" አለች። "ስሜንም ጻፍ።"

"ስምሽን እንኳ..."

"ስሜን ካልጻፍክ ሦስታችንም እንጠረጠራለን። አንዷ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ አንዷ ገና መቀጠሯ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔ ልጠየቅ። ቢያባርሩኝም ማዋለድ አያስረሱኝም።"

ከዚያ ተነሥታ ተኛች። አማቴ ከሳሎን፣ "ምን ተባባላችሁ?" አሉ። "የሥራ ነገር ነው እማማ" አልኳቸው።

ሰኞ 20

ጻፍኩት። አጭር ነው። ለኃላፊዋ ደወልኩ። "ማን ነገረህ?" አለችኝ፤ ውሸት ነው አላለችም። ስልኩን ዘጋችብኝ። የከንቲባው ቃል አቀባይ መጀመሪያ ስለ ዓምዱ አመሰገነኝ። ጥያቄዬን ሲሰማ፣ "ይህን ከምርጫው በኋላ ተረጋግተን ብንነጋገርበትስ?" አለ። እሱንም በቃሉ አስገባሁት።

ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ስሟ አለ። በሁለተኛው፣ "በጤና ጣቢያው የሚሠሩ አንዲት ባለሙያ" ይላል። ሁለተኛው ሳይደናቀፍ ይነበባል።

ማክሰኞ 21

የመጨረሻው ዙር። ጎሚስታውንና መምህሩን አገኘሁ። ፀጉር ቤቱ ጋ አልገባሁም፤ ሰው ሞልቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጽሑፉን ለአለቃዬ ሰጠሁት። ሁለተኛውን። ቆሞ ነው ያነበበው። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

"ከማን ነው?"

"ከውስጥ ሰው።"

"ስም አልሰጡህም ወይስ አላስገባህም?"

"ስሙ አልገባም" አልኩት።

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። "አንተ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። በመጨረሻው እትም ስም የሌለው ክስ አናወጣም። ከንቲባው መልስ የሚሰጥበት ሌላ ሐሙስ ከምርጫው በፊት የለውም። በስም ከሆነ ግን የፊት ገጽ ላይ አወጣዋለሁ፤ ያንን መፈክርህን እየዘመሩ የሚሄዱትም ቆመው ያነቡታል። ስም ከሌለ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር።"

የሚቀጥለው ሳምንት ከምርጫው በኋላ ነው። ይህንን እሱም ያውቃል።

በር ላይ ስደርስ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አለኝ።

"ሰሞኑን ነው የሰማሁት።"

ስሟን ያላስገባሁት ለእሷ ብዬ ነው። በሥራዋ ላይ ስንት ዓመት ቆይታለች፤ እኔ ነኝ በአንድ መስመር የማፈርሰው? ከጻፍኩት ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ወሬውን አይደለም፤ ሚስቱ ናት የነገረችው ይላል። ከዚያ ሒሳቡን ይሠራል፤ ሚስቱ ከነገረችው ይህ ሰውዬ ስንት ማክሰኞ እያወቀ ጠየቀን ይላል። ጎሚስታው ይላል። ፀጉር ሠሪዋ ትላለች። ይህ ግን ዋናው አይደለም። ዋናው እሷ ናት።

ማታ ወደ ተረኝነቷ ከመግባቷ በፊት ከጤና ጣቢያው ደወለች። ከኋላዋ የሚሄድ አልጋ ድምፅ ይሰማል።

"ሰጠኸው?"

"ሰጠሁት።"

"ምን አለ?"

"የፊት ገጽ ሊሆን ይችላል አለ።"

"ስሜን አስገባኸው?"

"ገጹ የሚዘጋው ነገ አሥር ሰዓት ላይ ነው" አልኳት።